ጀልባውን ሁለታችሁም እወቁት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በትንሽ ጀልባ የባሕር ዳርቻ ይዘው ከሚጓዙ ባልና ሚስቶች የመጡ ናቸው። ብልሽቱ ይለያያል። አንድ ነገር ግን በጣም አሳስቦኛል፦ በአብዛኞቹ ዘንድ ጀልባውን የሚያውቀው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በጉዞ ላይ ሳለን የሙቀት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ከኋላ የተገጠመው ሞተራችን ሁልጊዜ የሚተፋው ውሃም ቀጥኖ ነበር። አጥፍተን ስናቀዘቅዘው ሠራ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ደገመው። ምን ይሆን?

መልስ፦ ሞተራችሁ የሚቀዘቅዘው ከባሕሩ በሚስበው ውሃ ነው። የሚተፋው ውሃ ከቀጠነ መጀመሪያ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ። የባሕር አረም ወይም ፌስታል ይለጠፍበታል። መትፊያው ራሱም በጨው ሊደፈን ይችላል፤ በቀጭን ሽቦ ይከፈታል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ውሃ ፖምፓው ውስጥ ያለውን የላስቲክ መዘውር ጠርጥሩ። ክንፎቹ ሲያረጁ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ያለ ውሃ ከዞረማ በአጭር ጊዜ ይበላሻል። ስትቀይሩት የተቆረጠ ክንፍ ካለ ቁራጩን ፈልጋችሁ አውጡ፤ የውሃውን መንገድ ዘግቶ ሞተሩን እንደገና ያግለዋል።

ከጥገናው በፊት ግን መልሕቅ ጣሉ። ዳርቻው ቅርብ ከሆነ ነፋስና ሞገድ እናንተ ክዳን ስትከፍቱ ጀልባውን ወደ ድንጋዩ ይገፉታል። የምትለቁት ገመድ ከውሃው ጥልቀትና ከጀልባው አፍንጫ ከፍታ ድምር ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይሁን። ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ከሆነ ከ25 እስከ 35 ሜትር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ወደብ ውስጥ ሞተራችን ሰላም ነው። ሞገድ ሲነሳ ግን ይንተፋተፍና ይጠፋል። ለምን?

መልስ፦ ነዳጁ ይመስለኛል። ጋኑ ሥር የተኛው ውሃና ቆሻሻ በሞገድ ሲናጥ ወደ ሞተሩ ይሳባል። ነዳጁን ከውሃ የሚለየውን ፊልትሮ አራግፉ፣ ቀይሩት፤ መለዋወጫም ይዛችሁ ውጡ። ተንቀሳቃሽ ጋን ከሆነ የአየር ማስገቢያው መከፈቱንም አረጋግጡ። ነዳጁን ስትለኩ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው ለክፉ ቀን ይሁን።

ጥያቄ፦ ሞተሩንም ሬዲዮውንም የሚይዘው ባለቤቴ ነው። እሱ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እኔ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን በመጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። የሚንሳፈፍ ነገር ወዲያው ወርውሪለት። ዓይንሽን ከሱ ላይ አትንቀይ፤ በሞገድ መካከል የሰው ራስ ቶሎ ይጠፋል። ጂፒኤሱ ላይ ሰው የወደቀበትን ቦታ የሚመዘግብ ቁልፍ ካለ ተጫኚው። ስትቀርቢው በዝግታ ይሁን። አጠገብሽ ሲደርስ ሞተሩን አጥፊ፤ ፕሮፔለሩ ይቆርጣል።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ነጂው አካሉ ላይ የሚያስረው የሞተር ማጥፊያ ገመድ አብሮት ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል። ያለ ገመዱ መልሶ አይነሳም። ስለዚህ ሁለተኛ ገመድ ጀልባው ላይ ይኑር፣ የት እንዳለም አንቺ እወቂ።

ሬዲዮው የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ ይሁን። ቁልፉን ተጭነሽ የአደጋ ጥሪ ቃል የሆነውን «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የጀልባውን ስም ሦስት ጊዜ በዪ። ከዚያ ያላችሁበትን ቦታ፣ የደረሰውን አደጋና ስንት ሰው እንደሆናችሁ ተናገሪ። መልስ ለመስማት ቁልፉን ልቀቂ። ይህን በወረቀት ጽፈሽ ሬዲዮው አጠገብ ለጥፊው፤ በድንጋጤ ጊዜ አፍ ይተሳሰራል።

ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን ቦታ ተቀያየሩ። አንቺ ሞተሩን አስነሺ፣ መልሕቁን ጣዪ፣ አንሺ። እሱ ይመልከት እንጂ እጁን አያስገባ። ደግሞ የሕይወት አድን ጃኬት ሁለታችሁም ልበሱ። ጉልበተኛ ሰው እንኳን ልብሱ ሲርስ ወደ ጀልባው መውጣት ያቅተዋል፤ ከውሃው ውስጥ የሚደረስበት መሰላል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ መልሕቅ ጥለን አደርን። ጠዋት ሞተሩ አልነሳም፣ ባትሪው ሞቷል። ሁለት ባትሪ አለን እኮ!

መልስ፦ ሁለቱም በአንድ ላይ ተገናኝተው ሌሊቱን መብራቱንና ፍሪጁን ሲመግቡ አድረዋል ብዬ እገምታለሁ። አንዱ ለማስነሻ ብቻ ይቀመጥ፤ መልሕቅ እንደጣላችሁ በማብሪያ ማጥፊያው ከሌላው ለዩት። የተለመደው 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.2 አካባቢ ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ ከዚያ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለም አጽዱ። ባትሪው ደህና ሆኖ ዝገቱ ብቻ ሞተሩን የሚያስቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ጂፒኤሱ መንገድ ላይ ጠፋ። ስልካችን ይበቃል?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። ይረጥባል፣ ባትሪው ያልቃል። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዙ፤ ስልኩን ከኮምፓሱ አርቁት፣ መርፌውን ያሳስተዋል። በየሰዓቱ ያላችሁበትን ቦታ፣ አቅጣጫና ፍጥነት ደብተር ላይ ጻፉ። የጀልባ ፍጥነት የሚለካው በኖት ነው፤ 5 ኖት ማለት በሰዓት ወደ 9.3 ኪሎሜትር ነው። መሣሪያው ቢጠፋ ከመጨረሻው ነጥብ ተነስታችሁ ትቆጥራላችሁ። አንዳችሁ ስትነዱ ሌላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ተቀያየሩ።