መልስ፦ «ተመካክረው ገደሉ» የሚል ፍርድ በይግባኝ እንዴት ይታያል?

ወንድሜ፣ ሁለት ወንድማማቾችና አጎታቸው ተመካክረው ሰው ገድለዋል ተብሎ ቢፈረድባቸው ይግባኝ ሰሚው ጉዳዩን እንደ አዲስ ይሰማል ወይ ብለሃል። በአብዛኛው አይሰማም። መዝገቡን ያገላብጣል እንጂ ምስክር አይጠራም፤ ምስክሩ ሲናገር ፊቱን ያየው የሥር ዳኛው (ጉዳዩን መጀመሪያ ሰምቶ የፈረደው) ነውና «ይህን ምስክር አምኜዋለሁ» ያለውን በቀላሉ አይነካበትም።

ጭንቁ ያለው «ተመካክረዋል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሴራ ውል ተጽፎለት አይገኝም፤ ከስልክ ልውውጥ፣ አብሮ ከመሄድ፣ ከግድያው በኋላ ከሠሩት ነገር ይገመታል። ግን ወንድማማቾች ድሮም በቀን አሥር ጊዜ ይደዋወሉ የለ! የግድያው ሌሊት ጥሪ ከወትሮው በምን እንደምትለይ ማሳየት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። አጎትየው እዚያው ቤት ማደሩም ብቻውን ስምምነት አይሆንም። ስለዚህ ማስረጃው ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ለየብቻ ይመዘናል፤ የአንዱ ፍርድ ጸንቶ የሌላው ሊሻር ይችላል።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ሞት የተፈረደበትን ባል በነጻ ሲያሰናብት (ዘመዶቹም አብረውት ተከሰው ነበር)፣ የአካባቢ ማስረጃ (ድርጊቱን በዓይን ያየ ሳይኖር ከዙሪያው ሁኔታ የሚገመት ማስረጃ) ሰንሰለት ከጥፋተኝነት ውጭ ለሌላ ግምት ቦታ መተው የለበትም ብሏል። ጠበቃችሁ የላላውን ቀለበት ፈልጎ ያስቀድም። የይግባኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ የፍርዱን ግልባጭ ዛሬውኑ አውጡ።