አርቪ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የምትጎትቱትን መኪና እዩ

ሰመር ሲቃረብ የሚደወልልኝ ስለ አርቪ፣ ማለትም አልጋና ወጥ ቤት ስላለው ተሽከርካሪ ቤት፣ በአንድ ጥያቄ ነው። "አርቪ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?" ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ያሉት አባወራ ነው። በጁላይ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ወደሚያዘጋጀው በዓል ቤተሰቡን ጭኖ መሄድ አምሮታል። በዓሉ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማ እየቀያየረ የሚዞር ስለሆነ ምኞቱ ይገባኛል። ፎቶም ይልክልኛል። ፎቶው ሁሌ የውስጡ ነው፤ ሶፋው፣ ቲቪው፣ አልጋው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ከኋላ ምን ሊጎትት እንዳሰበ ነው።

"ምንም" ካለኝ ነገሩ ቀለለ። ብዙው ሰው ግን "የራሴን መኪና አስከትላለሁ" ይላል። ልክ ነው። አርቪው አንዴ ካምፕ ገብቶ ውሃና መብራት ከተሰካ በኋላ ለአንድ ጋሎን ወተት ሁሉንም ነቅሎ መውጣት ያሰለቻል። ከተማ ውስጥም 30 ጫማ ለሚረዝም መኪና ማቆሚያ ያለው የሀበሻ ምግብ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ትንሽ መኪና ማስከተሉ አይከፋም። ጣጣው ያለው እዚያችው ትንሿ መኪና ላይ ነው።

እኛ መቼም ቶዮታ ነን። ካምሪ፣ ኮሮላ፣ ራቭ ፎር፣ ሃይላንደር። እነዚህን አውቶማቲክ መኪኖች ፎሌ አስገብቶ፣ አራቱም ጎማ መሬት እየረገጠ መጎተት አይቻልም። አብሯቸው የሚመጣው መመሪያ ይከለክላል። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው ጥርሶች አብረው ይዞራሉ፣ ዘይት ግን አይደርሳቸውም። በረጅም መንገድ ላይ ካምቢዮው ይቃጠላል። ሃይብሪዳቸውም አይሆንም፤ ጎማው ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ቴስላማ ጭራሽ ጎማዋ ሲዞር ኤሌክትሪክ ማመንጨት ትጀምራለች፤ እሷን መጫን እንጂ መጎተት የለም። ሆንዳ ሲ አር ቪ እስከ 2014 ሞዴል ድረስ ይጎተት ነበር፣ በ2015 ካምቢዮው ሲቀየር ያ ነገር ቀረ። ፈረንጆቹ ከአርቪያቸው ኋላ ጂፕ ራንግለር የሚያስከትሉት ለፋሽን እንዳይመስላችሁ። ጂፑ ባለ አራት ጎማ ማርሹን ፎሌ ስታደርጉት ጎማውና ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ይለያያሉ። እስከፈለጋችሁት ድረስ መጎተት ነው።

ካምሪያችሁ በፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የፊት ጎማዎቹን ብቻ የሚያነሳ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች አለ፣ ዶሊ ይሉታል። ይሠራል። ግን ዶሊ አስከትላችሁ ወደ ኋላ መሄድ የለም። ነዳጅ ማደያ ውስጥ መውጫ የሌለው ጥግ ከገባችሁ መኪናውን አውርዳችሁ፣ ዶሊውን ፈትታችሁ፣ አዙራችሁ እንደገና መጫን ነው። ከመግባት በፊት መውጫ ማየትን ያኔ ትለምዳላችሁ።

ራቭ ፎሩ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ዶሊም አይችለው። ሙሉ ተጎታች ላይ መጫን አለበት። እዚህ ጋ ሂሳብ እንሥራ። መኪናው ወደ 3,500 ፓውንድ ይመዝናል። ተጎታቹ ባዶውን ወደ 2,000 ነው። ድምሩ 5,500። ብዙዎቹ አነስተኛ አርቪዎች ከኋላ ያላቸው መጎተቻ የሚፈቅደው ደግሞ 5,000 ነው። በቃ፣ አለቀ። ሻጩ "ኧረ ይጎትታል" ይላችኋል። መጎተቱን ማ ካደ? ሞተሩ ጉልበት አለው። ቁልቁለት ላይ ግን የሚያስፈልገው ጉልበት አይደለም፣ ፍሬን ነው። የአርቪ ፍሬን የተሠራው የራሱን ክብደት እንዲያቆም እንጂ ከኋላ የሚገፋውንም እንዲያቆም አይደለም። ለዚህ ነው ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሚጎተት ነገር የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድዱት። ለጂፕም ቢሆን የራሱን ፍሬን ከእናንተ እኩል የምትረግጥለት መሣሪያ ግዙለት። ይህን ወጪ ከአርቪው ዋጋ ጋር አብራችሁ አስቡት።

አሁን ወደ አርቪው እንምጣ። ስትገቡ ሶፋው ላይ አትቀመጡ። በሩ ጋ ቁሙና የተለጠፈውን ስቲከር ፈልጉ። ከ2008 ወዲህ የተሠራ አርቪ ሁሉ ሊኖረው ይገባል። እዚያች ወረቀት ላይ ሻጩ በአንድ ሰዓት የማይነግራችሁ ነገር ተጽፏል። ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት፣ ቀበቶ ያለው መቀመጫ ስንት እንደሆነ፣ ውሃው ሲሞላ ስንት እንደሚመዝን። ከታች ደግሞ ተጎታቹ መጎተቻው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጭነት እንደሚቆጠር ያስጠነቅቃል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ተጎታች ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን አርቪው ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ከላይ ያልነው 5,500 ፓውንድ ማለት 550 ፓውንድ ጀርባ ላይ ማለት ነው። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር 600 እንበል። 40 ጋሎን ውሃ ወደ 330 ይጠጋል፤ ውሃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ነው። ልብስ፣ ምግብ፣ ወንበር፣ የልጆች ብስክሌት 300። ተደምሮ 1,780 ሆነ። ስቲከሩ ላይ 1,500 የሚል ከሆነ ገና ከግቢ ሳትወጡ ከልክ አልፋችኋል። አማትን አልቆጠርንም።

ሌላም ቁጥር አለ፣ አርቪውና የሚጎተተው ተደምረው ሊመዝኑ የሚችሉት ጣሪያ። ለምሳሌ ብዙዎቹ የክላስ ሲ አርቪዎች (ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያላቸው) የሚሠሩት በፎርድ ኢ-350 ወይም በኢ-450 ሻንሲ ላይ ነው። ከውጭ ሲታዩ አይለያዩም። ኢ-350 ለራሱ 12,500 ፓውንድ፣ ከተጎታቹ ጋር 18,500 ይፈቀድለታል። ኢ-450 ለራሱ 14,500፣ ከተጎታቹ ጋር 22,000። መኪና የማስከተል ሐሳብ ካላችሁ ኢ-450 ፈልጉ፣ በዚህ አልደራደርም። ግን ሻንሲው ቢፈቅድ መጎተቻው ላይከተለው ይችላል። የሻንሲውን፣ የመጎተቻውን ብረትና የኋላ እግሩን (የኋላ ጎማዎቹን አክሰል) ቁጥሮች አይታችሁ የምትይዙት ትንሹን ነው።

ስለ ዓይነቶቹ በአጭሩ። ክላስ ኤ አውቶቡስ የሚመስለው ነው። ከሲዲኤል (ከከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ክላስ ኤ ጋር ግን አታምታቱት፤ ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ ካልበለጠ በአብዛኛው ስቴት በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። በናፍጣ የሚሠሩት ትልልቆቹ 10,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ይጎትታሉ፣ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ክላስ ቢ ቫን ነው፤ ስፕሪንተር፣ ፕሮማስተር፣ ትራንዚት። የትም ይቆማል፣ ስለዚህ የሚጎተት መኪና አያሻውም። ለጥንዶች ግሩም ነው፣ ለአምስት ሰው ግን እስር ቤት ነው። ክላስ ሲ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ የተሸከመው ነው። ልጆች ላሉት የእኛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የምመክረው እሱን ነው፣ ከ24 እስከ 28 ጫማ። በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ብቻ እንደሚሄድ ግን ከወዲሁ እወቁት። ትልቅ ፒክአፕ ቤታችሁ ቆሞ ከሆነ ደግሞ አርቪውን ተዉትና ተጎታች ቤት ግዙ፤ ሁለተኛ ሞተር መቀለብ ምን ያደርጋል?

ርዝመትና ከፍታ የሚወሰነው በምትሄዱበት መንገድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላለን ሰዎች ቅርባችን ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በፓርኩ መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ክላስ ሲ በሰላም ያልፋል። ክላስ ኤ ከነኤሲው ብዙ ጊዜ ከዚያ ጋር እኩል ነው፣ አንዳንዱም ይበልጣል። ሞንታና ውስጥ ግሌሸር ፓርክን የሚያቋርጠው የተራራ መንገድ ደግሞ ከ21 ጫማ የሚረዝም መኪና መሃሉን አያስገባም። እዚያ ለመውጣት ወይ ትንሽ ቫን ወይ የምታስከትሏት መኪና ያስፈልጋችኋል።

ወደ ፊላዴልፊያና ኒውዮርክ የምትወጡት ይህችን ያዙ። አርቪ የሚይዘውን ያህል የፕሮፔን ጋዝ ጭኖ በባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች፣ በፎርት ማክሄንሪም በሃርበሩም፣ ማለፍ ክልክል ነው። ድሮ ባልቲሞርን በሚዞረው በ695 አውራ ጎዳና አድርጎ በኪ ብሪጅ ድልድይ መሻገር ነበር። ድልድዩ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። አዲሱ እስኪያልቅ ድረስ 695ን በምዕራብ በኩል መዞር ነው። ተራ ጂፒኤስ ይህን አያውቅም፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ዋሻው ይነዳችኋል።

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ይህ ከመጎተቱም ይብሳል። "ስምንት ሰው ያስተኛል" ማለት ስምንት ሰው በደህና ይጓዛል ማለት አይደለም። አልጋ ቆጥረው ነው የሚሸጡላችሁ። እናንተ ቀበቶ ቁጠሩ። የምግብ ጠረጴዛው ጋ ያሉት ወንበሮች አንዱ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፣ ሶፋው ወደ ጎን። ወደ ጎንም ሆነ ወደ ኋላ በሚያይ ወንበር ላይ የልጅ ካር ሲት አይታሰርም። ሁለት ካር ሲት ካላችሁ ወደ ፊት የሚያይ፣ በደንብ የታሰረ ሁለት ቦታ ከሌለ አርቪው የእናንተ አይደለም። ለማየት ስትሄዱ ካር ሲቶቹን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው እሰሯቸው። ሻጩ ይገረም፣ ምን ችግር አለው?

እንጀራ መጋገር ያማራችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። አብዛኛው ክላስ ሲ ባለ 30 አምፕ ነው፣ ይኸውም 3,600 ዋት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል፣ ኤሲውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ በርተው ማይክሮዌቭ ብትጨምሩ መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ ምጣዱን ጠዋት፣ ኤሲው ሳይበራ። ባለ 50 አምፑ 12,000 ዋት ስላለው እንዲህ ያለ ስሌት የለበትም፣ ግን እሱ ትልልቆቹ ላይ ነው። ቡናውን ውጭ አፍሉ፤ ዕጣን ውስጥ ካጨሳችሁ የጭስ ደወሉ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ያገለገለ አርቪ የምትገዙ ከሆነ ጣሪያውንና ጥጎቹን በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉ። የሚለሰልስ ቦታ ካለ ውሃ ገብቷል፣ ጥላችሁት ሂዱ። ጎማውም ጥርሱ አዲስ መስሎ ሊያረጅ ይችላል፤ አርቪ ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው የሚውል። ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች እዩ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስትና ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ ዋጋ ከአርቪው ላይ አስቀንሱ።

ከእኛ መሃል ትራክ የሚነዳ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። እሱን ይዛችሁ ሂዱ። አየሩን፣ ፍሬኑን፣ ከሥር የሚንጠባጠበውን በዓይኑ ይለየዋል። ደግሞም ካት ስኬል የት እንዳለ ያውቃል፤ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ያለው ሚዛን ማለት ነው። ሚዛኑ በተለያዩ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። የፊት ጎማ አንዱ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የሚጎተተው ሦስተኛው ላይ ይቆማል። የምትከፍሉት ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጽፎ ይሰጣችኋል። በተለይ የኋላውን ቁጥር እዩ፤ ረጅም ጅራት ያለው ክላስ ሲ ላይ ከልክ የሚያልፈው እሱ ነው።

ለሙከራ ነድታችሁ ስትወጡ ሻጩ በሚዛኑ በኩል እንዲያልፍ ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ አለ። እሺ ካለ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ኤች ኦ ኤው (የሰፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ግቢያችሁ ውስጥ አርቪ ማቆም ይፈቅድ እንደሆነ ደውሉ። ካልፈቀደ በየወሩ የምትከፍሉት የማቆሚያ ኪራይ አለ፣ እሱንም ከወርሃዊ ብድሩ ጋር ደምሩት።