ጓደኛችሁ ከአንጎል ጉዳት ሲያገግም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸው የተኙ ሰዎችን በነርስነት ለብዙ ዓመት ተንከባክቤአለሁ። አንዲት የቅርብ ጓደኛዬንም በዚሁ ጉዳት አስታምሜያለሁ። ነርስ መሆንና አስታማሚ መሆን እንደማይገናኙ የገባኝ ያኔ ነው። ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን እነሆ።

ሲስተር፣ ጓደኛዬ ዓይኑን ከገለጠ አራት ቀኑ ነው። ግን አያየንም፣ አይመልስልንም። ነቅቷል ማለት ነው?

ዓይን መግለጥና መንቃት ለየቅል ናቸው። ፊልም ላይ ታማሚው ዓይኑን ገልጦ ወዲያው የእናቱን ስም ይጠራል። እውነተኛው ነገር ይንቀራፈፋል። መጀመሪያ ዓይን ይገለጣል፣ እንቅልፍና ንቃት ይፈራረቃሉ፤ አካባቢን ማወቅ ግን ገና ሊሆን ይችላል። ሐኪሞቹ «ጂሲኤስ» ሲሉ ሰምተህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ውስጥ የወጣ የንቃት መለኪያ ነው፤ ዓይንን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ከ3 እስከ 15 በሆነ ነጥብ ይመዝናል። ነጥቡን በየሰዓቱ እየጠየቅህ ግን ራስህን አትጨርስ። ይልቅ «እጄን ጨብጥ» በለው። ከጨበጠህ «ልቀቀኝ» በለው። መዳፉን የነካውን ነገር ሳያውቅ የሚጨብጥ ታማሚ አለ፤ ሲባል የሚለቅ ግን ሌላ ወሬ ነው። ያንን ሰዓቱን ጽፈህ ለነርሷ ንገራት።

ይሰማኛል? ብቻዬን ሳወራ ያበድኩ ይመስለኛል።

እንደሚሰማሽ ቆጥረሽ አውሪ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ አንድ ጥናት፣ ምንም ምላሽ የማትሰጥ ሴት «ቴኒስ ስትጫወቺ በሐሳብሽ ሳዪ» ስትባል አንጎሏ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ሲሠራ በምርመራ መሣሪያ ታይቷል። ሁሉም እንደሷ ነው ማለት አይደለም። ግን አልጋው ራስጌ ቆመው «አይተርፍም ይሆን?» የሚሉትን ከክፍሉ አስወጪልኝ።

መናገር ሲጀምር እልል ብለን ነበር። አሁን ይሳደባል፣ ቱቦ ሊነቅል ይታገላል። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነበር መሰለሽ!

አሁንም ጨዋ ነው። አንጎሉ ነቅቷል፣ ግን የሚያየውንና የሚሰማውን ገና ማደራጀት አልቻለም። የዛሬውን ነገር ነገ አያስታውሰውም። ብዙዎች በዚህ ደረጃ ያልፋሉ፤ ከባድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ወደፊት የመሄድ ምልክት ነው። ሲብስበት መጀመሪያ ሕመም እንዳለው፣ ሽንት እንደያዘው፣ ሆዱ እንደደረቀ፣ ኢንፌክሽን እንዳለው አስጠይቂ። ቴሌቪዥኑን አጥፉት። ጠያቂ አንድ በአንድ ይግባ፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

«ትናንት ሥራ ገብቼ ነበር» ቢልሽ አትከራከሪው። እየዋሸ አይደለም፤ አንጎሉ የጎደለውን ገጽ በራሱ እየሞላ ነው። ቀስ ብለሽ ወሬ ቀይሪ።

ደግሞ እባካችሁ «እኔ ማን ነኝ? እስቲ ስሜን ጥራ!» ተዉ። በር ከፍቶ የገባ ሁሉ ይፈትነዋል፣ ይወድቃል፣ ያፍራል። ለጠያቂው ጨዋታ ነው፣ ለእሱ በቀን ዐሥር ጊዜ ፈተና ነው። ስትገቢ ራስሽ ስምሽን ንገሪው፣ ከየት እንደምትተዋወቁ ጨምሪ። ቀኑንና ያለበትን ቦታ በትልቁ ጽፋችሁ ፊት ለፊቱ ለጥፉ።

ውሃ ጠማኝ እያለ ይለምነኛል። ጥቂት ጠብታ ባቀምሰውስ?

መዋጥ እንደሚችል ባለሙያ ሳያረጋግጥ በፍጹም። ሳያስለው እንኳ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ነው። አፉን እንድታረጥብለት ነርሷን ጠይቃት።

ለመዳን ስንት ጊዜ ይፈጃል?

በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቆርጦ የሚነግርህን ሰው አትመን። በአብዛኛው ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይታያል። ከሁለት ዓመት በኋላም መሻሻል አለ፣ ግን በጭልፋ።

ጓደኛዬ ቤት ገብታለች፣ ስትታይ ደህና ናት። ግን አትደውልም፣ ቀጠሮ ትረሳለች፣ ትንሽ አውርታ ትተኛለች። ተቀይማኝ ይሆን?

አልተቀየመችሽም። ደክሟታል። ይህ ድካም ተኝተው የሚወጡት ዓይነት አይደለም፤ ወሬ መከታተል ብቻውን ያዝላታል። ነገር መጀመርም ከአንጎል ሥራዎች አንዱ ነው፣ እሱ ሲጎዳ ልቧ እየፈለገ ስልኩን አታነሳም። ስለዚህ «ስትፈልጊ ደውዪልኝ» ማለት ለእሷ ተራራ ነው። «ማክሰኞ አራት ሰዓት መጥቼ ትንሽ ቁጭ እላለሁ» በያት። ጠዋት ላይ መልእክት ላኪና አስታውሻት። ሐኪሟ ሳይፈቅድ መኪና እንዳትነዳ፣ መጠጥም ይቅር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ኮሪደሩ በጠያቂ ይጨናነቃል። ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ሰው ይቀራል። ቤት ስትገባ ደግሞ «ዳነች አይደል?» ብለው እሱም ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ካላችሁ ለሦስተኛው ወር አስቀምጡልኝ።

ጠባዩ ተቀይሯል። የድሮው ሰው ይመለሳል?

አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1848 ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ የብረት ዘንግ ከጉንጩ ሥር ገብቶ በአናቱ ወጣበት። ተረፈ፤ ጓደኞቹ ግን «ይሄ ጌጅ አይደለም» አሉ። መጽሐፎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሰውየው ግን በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። ሥራው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነት ጉዳት ቋሚ ፕሮግራም ምን እንደሚጠቅም ሳስብ ሁሌ እሱ ትዝ ይለኛል።

ምን ይዤ ልሂድ?

ደብተርና እስክሪብቶ። የመጣ ሁሉ ቀኑን ጽፎ ሁለት መስመር ያስፍር፦ ማን መጣ፣ ምን ተባለ፣ ምን አዲስ ነገር አደረገ። እነዚያ ሳምንታት ለታማሚው ባዶ ናቸው፣ በኋላ ይፈልጋቸዋል። ጓደኛዬ ያንን ደብተር ያነበበችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንዱ ገጽ ላይ በገዛ ቦርሳዬ እንደመታችኝ ተጽፏል። እስካሁን «ውሸትሽን ነው» ትለኛለች።