ሙቀት፣ ቅዝቃዜ ወይስ ፐልስድ ፊልድ? ስለ አባቷ ለጠየቀችው እህት

እህቴ፣ አባትሽ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛው ክፍል ምት ሲዛባ) አብሌሽን ሊደረግላቸው ነው፤ ይኸውም በደም ሥር ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) አስገብቶ ምቱን የሚያውከውን ቦታ ማምከን ነው። ይህ በሚሠራባቸው በሙቀት፣ በቅዝቃዜና «ፐልስድ ፊልድ» በሚባለው አዲስ የኤሌክትሪክ ዘዴ መካከል የቱን እንምረጥ ብለሻል። እኔ እዚሁ ሜሪላንድ መጀመሪያ በቅዝቃዜ፣ በኋላም በሙቀት ተሠርቶልኛል፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በአዲሱ ዘዴ። የእኔ ሕመም መጣ ሄድ የሚለው ዓይነት ነበር፤ የአባትሽም ከጻፍሽው እንደዚያው ይመስላል።

1. ዘዴው እንቅልፍ አይንሳሽ። የቦርዶው ሐኪም ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ ምቱን የሚያውከው የኤሌክትሪክ ብልጭታ በአብዛኛው የሚነሣው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት ደም ሥሮች ነው። ሦስቱም ዘዴዎች በእነዚህ ደም ሥሮች አፍ ዙሪያ አጥር ያጥራሉ። ሙቀቱ ነጥብ በነጥብ እያቃጠለ ይዞራል፤ ቅዝቃዜው በፊኛ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ያቀዘቅዛል፤ አዲሱ እጅግ አጭር በሆነ የከፍተኛ ቮልቴጅ ምት የልብ ጡንቻ ሴሎችን ሽፋን እየበሳ ይገድላል። ሙቀትንና ቅዝቃዜን በ762 ሕመምተኞች ላይ ያነጻጸረው የ2016ቱ «ፋየር ኤንድ አይስ» ጥናት በውጤት አንዱን ከሌላው አላስበለጠም። በ2023 የወጣው «አድቬንት» የተባለ ጥናት ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ለአዲሱ ዘዴ 73.3፣ ለነባሮቹ 71.3 ከመቶ ስኬት ነው ያገኘው። ለዚህች ልዩነት ብላችሁ ሐኪም አትቀይሩ።

የሚለያዩት በጎረቤት ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ነው። ሙቀት ከልብ ጀርባ ያለውን የምግብ ቧንቧ ሊጎዳ ይችላል። ቅዝቃዜ ለመተንፈስ የሚያገለግለውን የድያፍራም ነርቭ ሊያደነዝዝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይመለሳል። አዲሱ እነዚህን በእጅጉ ይምራል፤ ሆኖም ቀይ የደም ሴሎችን ሰብሮ ኩላሊትን ሊያስቸግር፣ ልብን የሚመግበውን ደም ሥርም ለጊዜው ሊያኮማትር ይችላል። አባትሽ የኩላሊት ችግር ካለባቸው ይህንን በግልጽ ጠይቂ። ከሁሉም በላይ ግን ሐኪሙን «በዓመት ስንት ሰው ትሠራለህ? እጅህ የለመደው በየትኛው ነው?» በዪው። የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ፈልጊ።

2. ደም ማቅጠኛውን፣ ማለትም ደም እንዳይረጋ የሚወስዱትን ኪኒን፣ ማንም አያስቁማቸው። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ከሥራው በፊት ከሐኪሙ ቢሮ አንዲት ቀጠሮ ያዥ ደውላ «ኪኒኑን ከሦስት ቀን በፊት አቁም» አለችኝ። ዶክተሩ ነው ወይ ያለው ብዬ ስጠይቃት «ለሁሉም ሰው የምንለው ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። በቀጠሮዬ ጠዋት በጉሮሮዬ መሣሪያ አስገብተው ልቤን ሲያዩት፣ ከግራው የላይኛው ክፍል ጋር በተያያዘችው ኪስ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። በዚያ ሁኔታ ካቴተር ቢገባ ኖሮ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎሌ ሊሄድ ይችል ነበር። የሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ለአብሌሽን ደም ማቅጠኛው ሳይቋረጥ ይቀጥል ነው የሚለው!

ሥራው ተሰረዘ። ለሳምንታት ኪኒን ስውጥ ከረምኩ፤ በዚህ መካከል የኢንሹራንሱ ፈቃድ ጊዜው አልፎ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ተጀመረ፤ ከሥራ የወሰድኩት ፈቃድም በከንቱ አለቀ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን መዝገቤ ላይ የጻፉት ነው፦ «ታካሚው መድኃኒቱን በትክክል አልወሰደም»! እኔ የታዘዝኩትን የፈጸምኩ ሰው ነኝ። በአሜሪካ ሕግ ታካሚ የሕክምና መዝገቡ እንዲታረም በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት ከስልኬ አውጥቼ ጻፍኩላቸው፤ ሥራ አስኪያጇ ፊት ለፊት «ይህን ያህል ምን ያካብዳል» አለችኝ። አልተውኳትም፤ መዝገቡ ታረመ። ስለዚህ የአባትሽ ሐኪም ቢሮ ሲደውል፣ ትእዛዙን በጽሑፍ ላኩልን በያቸው።

አባትሽ የሚጾሙም ከሆነ የደም ማቅጠኛ ኪኒናቸውን ስም እዪ። ዛሬልቶ ከሆነ 15ና 20 ሚሊግራሙ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ በሚገባ ወደ ደም አይገባም፤ በዐቢይ ጾም በባዶ ሆድ የሚውጡት ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳስበኛል። ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ። በልጅነታቸው የቁርጥማት በሽታ ይዟቸው የልባቸው ቫልቭ የጠበበ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ዋርፋሪን የተባለው ሌላ ደም ማቅጠኛ ስለሚሆን የእኔን ምክር ለዚያ አትውሰጂው።

3. አስተርጓሚ አንቺ አትሁኚ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

4. ከተሠራላቸው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ምቱ ቢረበሽ አልተሳካም ማለት አይደለም፤ ቁስሉ እየዳነ ነው። የእኔ ግን ከዚያ ካለፈ በኋላም ተመለሰ። ሁለተኛው ሐኪም የልቤን የኤሌክትሪክ ካርታ አንሥቶ ሲፈልግ ከደም ሥሮቹ በአንደኛው ላይ አጥሩ ተከፍቶ አገኘው፤ ያንኑ ክፍተት በሙቀት ዘጋው። ዛሬ ደረጃ ስወጣ ልቤ ዝም ብሎ ይመታል።

አንድ ነገር ግን በወረቀት ጽፈሽ ለእናትሽም ለወንድሞችሽም ስጪ። ከሥራው በኋላ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የደረት ሕመም፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም አፍ መጣመምና እጅ መክዳት ከታየ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ «የልብ አብሌሽን ተደርጎላቸዋል» በሉ። በምግብ ቧንቧና በልብ መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በጣም ብርቅ ነው፣ ግን ይገድላል። በአዲሱ ዘዴ ከ17,000 በላይ ሕመምተኞች በተመዘገቡበት ጥናት አንድም አልታየም። የሚደረግላቸው የደረት ሲቲ ስካን እንጂ ኢንዶስኮፒ (በአፍ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ ማየት) መሆን የለበትም፤ በኢንዶስኮፒ የሚነፋው አየር በቀዳዳው አልፎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ይህን ሁልጊዜ ላያስታውስ ስለሚችል፣ ከሆስፒታሉ ከመውጣታችሁ በፊት የልብ ሐኪሙን የሌሊት ስልክ ተቀበሉና እዚያው ሆናችሁ አስደውሉ።