ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እኔን ያስፈራኝ ብልቃጡ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 66 ነው፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። በ1976 ዓ.ም. የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ሞተር ላይ ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼም አልወረድኩም። ቀኝ ዓይኔ ሞራ እንዳለበት ከተነገረኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እስኪበስል ብዬ ቆየሁ። አሁን ማታ የመኪና መብራት ሲመጣብኝ ይበተንብኛል። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ። ለሽንት ታምሱሎሲን እውጣለሁ፤ ወገቤን ሲይዘኝ ዲክሎፌናክ እወጋለሁ። ለአቧራው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የምገዛው ጠብታ አለ፤ ዴክሳሜታሶን ይላል። ጠብ ሳደርገው ዓይኔ ወዲያው ይነጣል። ባለፈው ወር በግራ በኩል የመጣ ጋሪ ሳላየው ስፖኪዮዬን ገጨብኝ። ልጆቼ «ሞተሯን ይሽጧት» እያሉኝ ነው። ጎረቤቴ ግን ኦፕራሲዮን ሆኖ ዓይኑ ጭራሽ ጠፋበት። በዚህ ዕድሜዬ ኦፕራሲዮን ይሻለኛል ወይስ በጠብታው ልቀጥል?

መልስ፦ ጋሼ፣ የጠየቁኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። እኔ ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤ የቀረው ጋሪው ላይ ነው። እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ያልጠየቁኝን ልመልስ። የፈሩት ቢላዋውን ብቻ አይመስለኝም። 40 ዓመት መሪውን በራሱ እጅ ይዞ የኖረ ሰው፣ ልጅ ካላደረሰው ለቅሶ ቤት እንኳ የማይሄድ ሽማግሌ መሆን ያስጨንቀዋል። ልጆችዎ «ይሽጧት» ሲሉ እርስዎ የሰሙት «እንግዲህ ቤትዎ ይቀመጡ» የሚለውን ነው። ችግርዎ ሞራ ብቻ ከሆነ እዚያ አልደረሱም። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላቸው ወደ መሪያቸው የተመለሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ሞራ ማለት ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደበዝዝ ነው። እንደ ተቧጨረ የሄልሜት መስታወት ያስቡት። በሸሚዝ ጫፍ ቢወለውሉት አይጠራም። መቀየር ነው ያለበት። የሚያሟሟው ጠብታ የለም፤ ማርም፣ ቅጠልም፣ የጡት ወተትም አይነካውም።

ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጥዎትም። ብዙ ጊዜ ዓይን አጠገብ መርፌ ይወጋና ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል። ፊትዎ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ኃይለኛ ብርሃን ያያሉ፤ ውሃ በጉንጭዎ ሲወርድ ይሰማዎት ይሆናል። አንድ ሰው «ወደ ታች ይዩ፤ እንዳይንቀሳቀሱ» ይልዎታል። ያ ሰው እየቆረጠ ነው፤ እርስዎ ግን ሕመም አይሰማዎትም። ቀዳዳው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ ጊዜ ስፌት እንኳ አይፈልግም። በማሽን ከተሠራ 3 ሚሊ ሜትርም አይሞላ። የደበዘዘው ይወጣል፣ የፕላስቲክ ሌንስ ይገባል። ነገሩ ሁሉ 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበረኝ፤ በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን ስፈታለት ወደ እኔ እንኳ አልተመለከተም። እጆቹን ዘርግቶ ጥፍሮቹ ሥር የገባውን ግራሶ አየና «ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ሆኜ ነው ሰው የጨበጥኩት?» አለ። ቀለምም ይመለሳል፤ በተለይ ሰማያዊ። ሞራው ዓለሙን ቢጫ አድርጎት ነው የሚከርመው።

አሁን ትንሽ ልቆጣዎት ነው። «እስኪበስል» ብለው ሁለት ዓመት ጠበቁ። ሞራ ሙዝ አይደለም ጋሼ! ይህ አባባል ዝም ብሎ አልመጣም። ድሮ ሌንሱ እንዳለ ተጎትቶ ይወጣ ነበር። በምትኩ የሚገባም አልነበረም፤ ሰውዬው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር ያደርግ ነበር። ስለዚህ ሐኪሞቹ ራሳቸው ዓይኑ በጣም እስኪደክም ይጠብቁ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ የምንሠራው ሞራው ኑሮዎን ሲያውክ ነው፤ የእርስዎን ደግሞ ካወከ ቆየ። ከልክ በላይ ከቆየ ይደነድናል፣ ያብጣል ወይም ይፈስሳል። ያኔ ዓይኑ ድንገት ይቀላል፣ ከባድ ሕመም ይመጣል፣ ሰው እስከ ማስመለስ ይደርሳል። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ «የበሰሉ» ሞራዎች አይቻለሁ። አንዳንዶቹን አዳንን፤ አንዳንዶቹን አላዳንም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከሞራ የመጣ ነበር። ሊታከም በሚችል ነገር!

ወደ ጠብታው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ ነውና ይታገሱኝ።

ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው። ቅላት ያጠፋል፣ ማሳከክ ያቆማል። የሚወደደውም ለዚህ ነው። ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እኛም ይህን ወይም የቅርብ ዘመዱን እናዝዛለን፤ ቀጠሮ ሰጥተን ግን። እርስዎ ለስንት ጊዜ እንደተጠቀሙበት እንኳ አልጻፉልኝም። ብልቃጡ ባለቀ ቁጥር ሌላ የሚገዙ ይመስለኛል። ሲገዙ ማዘዣ የጠየቀዎት አለ? የለም። በሸጠልዎትም በእርስዎም እኩል ነው የምናደደው።

ዓይን ውስጥ የሚመረትና የሚወጣ ፈሳሽ አለ፤ መግቢያና ማፋሰሻ እንዳለው ገንዳ። ስቴሮይዱ በአንዳንድ ሰው ላይ ማፋሰሻውን ይይዘዋል። ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይወጣል። ይህ በክንድ ከሚለካው የደም ግፊት ጋር አንድ አይደለም፤ ደም ግፊትዎ ልክ ነው ማለት የዓይንዎ ልክ ነው ማለት አይደለም። ጤነኛ የዓይን ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ነው። ይህን ጠብታ ለሳምንታት ከሚጠቀሙ ሰዎች የሲሶው ያህል ግፊት ከፍ ይላል፤ የጥቂቶቹ በጣም ይወጣል። ያ ግፊት ደግሞ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ግላኮማ የምንለው ይሄ ነው።

አያምም። አይቀላም። ዓይንዎ ነጭ ሆኖ፣ አምሮበት፣ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ሌንስ መቀየር እንችላለን፤ የሞተ ነርቭ ግን አንቀይርም። ቀሪውን መጠበቅ ብቻ ነው የምንችለው። ይባስ ብሎ ስቴሮይዱ ራሱ ሞራ ያመጣል። ለዓይንዎ ብለው የሚያደርጉት ነገር ዓይንዎን ከሁለት በኩል እየሠራበት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ ጋሪው እንመለስ። ግላኮማ አስቀድሞ የሚወስደው ብዙ ጊዜ የጎን እይታን ነው። ፊት ለፊት ያለውን ታርጋ ያነባሉ፤ ከጎን የሚመጣው ግን የለም። ጥቁር ነገር እንኳ አይታይዎትም፤ አንጎል ባዶውን ራሱ ይሞላዋል። ለዚህ ነው ሰው «ጋሪው ከየት እንደመጣ አላውቅም» የሚለው። ሞራ ያለብዎት ቀኝ ዓይንዎ ነው። ጋሪው የመጣው ከግራ ነው። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

ምንም ላይሆን ይችላል። ፈረሱ ደንብሮ ይሆናል፤ እርስዎም ጉድጓድ ሲሸሹ ይሆናል። ግን እስቲ ያስታውሱ፦ በር ሲያልፉ ትከሻዎ መቃኑን ይመታል? ቡና ሲቀርብ ጎን ያለውን ሲኒ በእጅዎ ገፍተው ደፍተዋል? ከጎንዎ የሚሄድ ሰው ሰላም ሲልዎ ይደነግጣሉ? አንዱ እንኳ ካለ ነገ ዛሬ አይበሉ። አንዱም ባይኖር ይለኩት፤ ሰው የጎን እይታው ግማሹ ሄዶም አይታወቀው ይሆናል። ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክም ይለካል። ነጻ የሞራ ዘመቻ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ዘመቻው ለሞራው ጥሩ ነው፣ የእርስዎ ግፊት ግን በዚህ ሳምንት ነው መታየት ያለበት።

ስለ ጎረቤትዎ። ሳላያቸው አልፈርድም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲገጥመኝ ግን ብዙ ጊዜ ነርቩ ወይም ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር፤ ሞራው ሲነሳ ታየ። ዓይን ውስጥ ጀርም ገብቶ መመረዝ የሚባል ጣጣም አለ፤ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በቀናት ውስጥ ሕመሙ እየባሰ፣ ዓይኑ እየቀላ፣ እይታው እየወረደ ከሄደ እሑድም ሆነ ሌሊት በዚያው ቀን ይሂዱ። «ነገ ይሻለኛል» የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ታምሱሎሲን መውሰድዎን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ወንዶች ስለ ሽንታቸው ለዓይን ሐኪም ማውራት ምን ይሠራል ብለው ይደብቁታል። ያቺ ካፕሱል ሽንት ታሳልጣለች፤ የዓይን ብሌንንም ታልፈሰፍሳለች። ቀዶ ሕክምናው መሃል ላይ ብሌኑ ይጠብና ሥራ ያከብዳል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ተዘጋጅቶ ይገባል። በራስዎ አያቋርጧት፤ ካቆሙም በኋላ ጠባይዋ ይቆያል፣ ሽንትዎ ደግሞ ቢታገድ ሌላ ጉድ ነው። ብቻ ይንገሩት።

የደም ግፊት ኪኒንዎን በቀዶ ሕክምናው ጠዋትም ይዋጡ። ስኳርዎ መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ ቁስሉ አያምርም። ሬቲናዎም በስኳር ምክንያት መታየት አለበት። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ፣ የስኳር ኪኒን ውጠው፣ ሞተር የሚነዱ ከሆነ ደግሞ ያንን አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ከሐኪምዎም ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩበት። ዲክሎፌናክ መርፌውን ይተዉ። ደም ግፊት ይጨምራል፣ በስኳር የደከመ ኩላሊት ላይ ይበረታል። ወገብዎን ለብቻው እናየዋለን።

ሞተሯስ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል አይታሰብም። አቧራና ንፋስ ለአዲስ ቁስል ጠላት ናቸው፤ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት አይከላከልም። አንዱ ዓይን ተሠርቶ ሌላው ካልተሠራ ደግሞ ርቀት መገመት ሊያስቸግር ይችላል፤ ጋሪው 20 ሜትር ላይ ነው ሲሉ 10 ላይ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ ግፊትዎ ልክ ከሆነ፣ የጎን እይታዎ ሙሉ ከሆነ፣ ሐኪምዎም ከፈቀደ ይንዱ፤ ቀን ቀን፣ መስታወት ባለው ሄልሜት። ልጆችዎን እኔ ቢጠሩኝ አናግራቸዋለሁ። የጎን እይታዎ ተጎድቶ ከተገኘ ግን ልጆችዎ ልክ ናቸው። ያኔ ከእርስዎ ጋር አልወግንም፤ መንገድ ላይ ልጅ አለ።

ጠብታውን ከዛሬ ጀምሮ አያድርጉ። ብልቃጡን ግን አይጣሉት፤ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፣ ሐኪሙ ስሙን ያየዋል፣ ስንት እንደጨረሱም በሐቀኝነት ይንገሩት። የሚሄዱትም በአውቶቡስ ይሁን፣ ከልጅዎ ጋር። ለምርመራው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጉልዎታል፤ ለሰዓታት ፀሐዩን አይችሉትም፣ ሞተሯን ይዘው ከሄዱ እዚያው ትተዋት ነው የሚመለሱት።