የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ሂሮስ» ለምን ቀዘቀዘ?

ጥያቄ፦ ልዩ ኃይል ስላላቸው ሰዎች የሚተርከውን የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ የ«ሂሮስ»ን ምዕራፍ 1 እንቅልፍ አጥቼ ነው የጨረስኩት። ምዕራፍ 2 ግን አንገሸገሸኝ። ልቀጥል ወይስ ልተወው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ቅሬታዎ እውነት ነው። ዋናው ጥፋት ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው የፒተር ኃይል ገደብ ማጣቱ ነው። የሌላውን ችሎታ ሁሉ የሚወርስ ሰው ማን ያሰጋዋል? ስለዚህ ደራሲዎቹ በምዕራፍ 2 ትዝታውን አጠፉበት፣ በምዕራፍ 3 አባቱ ኃይሉን ነጠቀው፣ በኋላም በአንድ ጊዜ አንድ ችሎታ ብቻ ፈቀዱለት። በጊዜ ውስጥ መጓዝ የሚችለው ተወዳጁ ገጸ ባሕርይ ሂሮም በምዕራፍ 2 ከጓደኞቹ ተነጥሎ በ1671ዱ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ብዙ ክፍሎች ባከኑበት፤ ይህ በጣም ያሳዝናል። በኅዳር 2007 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የአሜሪካ ደራሲያን አድማ ደግሞ ምዕራፍ 2ን 11 ክፍል ላይ አስቆመው።

ምዕራፍ 1ን እንደ ሙሉ ታሪክ ይያዙት። በፍላሽ ሲያስገለብጡ 23 ክፍል መሙላቱን ይቁጠሩ። ከቀጠሉም የምዕራፍ 2ን 11 ክፍሎች ይጨርሱ፤ የምዕራፉ ስጋት የሆነው የገዳዩ ቫይረስ ታሪክ እዚያው ያበቃል።