ሰገባ፣ አፎት፣ ማኅደር፦ የቱ ለየትኛው?

በዚህ ዓምድ ከሀዋሳ አንባቢዎቻችን ስለ ስለትና ስለ መሣሪያ ማኖሪያዎች ከጻፉልን መካከል አምስቱን መልሰናል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ቤት ድራማ «ጎራዴውን ከማኅደሩ መዘዘ» ብላ ጻፈች። መምህሯ «ከሰገባው» በሚለው አረሙት። በቃል ያሉት ግን «ከአፎቱም ይባላል» ነው። ሦስቱ አንድ አይደሉም? (አንባቢ፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ መምህሯ በሁለቱም ልክ ናቸው። ሰገባና አፎት የስለት ማኖሪያ ናቸው፤ ሰይፍ፣ ጎራዴ፣ ሾተል፣ ሳንጃ፣ ጩቤ በሁለቱም ይገባል። በትርጉም የሚለያቸው ነገር የለም፤ ልዩነቱ በልማድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው ሰገባ ይቀርበዋል። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የአማርኛ ትርጉም ዮሐንስ 18፥11 ላይ ጴጥሮስ ሰይፉን «ወደ ሰገባው» እንዲከት ይታዘዛል። ያንኑ ታሪክ ማቴዎስ 26፥52 ሲነግረን «ወደ ስፍራው» ይላል። ይህ የአማርኛው ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ግሪኩም በአንዱ ማኖሪያ፣ በሌላው ስፍራ ነው የሚለው። አፎት ደግሞ «ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰ» በሚለው አነጋገር ጠብን ማብረድ፣ መታገሥ ማለት ሆኖ ይሠራል።

ማኅደር ግን ሌላ ነው። «ኀደረ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ስለሆነ ማደሪያ ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት፣ በማንገቻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቆዳ ቤት ማኅደር ይባላል፤ የሠራተኛ ፋይልም እንዲሁ። ሽጉጥ ክዳን ባለው የቆዳ ቤት ሲቀመጥ «የሽጉጥ ማኅደር» ማለታችን ከዚሁ ነው። ሰገባ ስለቱን ጨምቆ ይይዛል፣ ቅርጹንም ይከተላል፤ ማኅደር ዕቃውን ያሳድራል። «የጎራዴ ማኅደር» ጆሮ የሚቆረቁረው ለዚህ ነው።

ለድራማው ግሡም ይታሰብበት። ጎራዴ ከሰገባው ይመዘዛል፤ ጩቤ ወገብ ላይ ይሻጣል፤ ጠመንጃ ይነገታል፤ ዝናር ይታጠቃል። አንድ ነገር እንጨምር፦ ተዋናዩ የድሮ ኢትዮጵያዊ ወታደር ከሆነ ጎራዴው በቀኝ ጎኑ ይንጠልጠል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ ተጓዦች በተደጋጋሚ የመዘገቡት ነው፤ ግራ እጅ ጋሻ ይይዛል። በመድረክና በፊልም በግራ ሲታጠቁት ማየት በጣም የተለመደ ስሕተት ሆኗል።

ጥያቄ፦ «ትጥቅ» መሣሪያ ነው ወይስ ቀበቶ? (አንባቢ፣ ከታቦር)

መልስ፦ መነሻው ወገብ ላይ የሚታሰረው ነው፤ ከ«ታጠቀ» የወጣ ነው። ቀስ በቀስ የሚታሰረው ነገር ስም ለመሣሪያው ሁሉ ሆነ። ስለዚህ «ትጥቅ ፈታ» ቃል በቃል ቀበቶውን ፈታ ነው፤ ትርጉሙ ግን መሣሪያውን አስረከበ። ሽጉጥም ስሙን ያገኘው ከአያያዙ ነው፦ የሚሸጎጥ። ዝናርም ቢሆን በግሪክና በዐረብኛ በኩል ሲመጣ ቀበቶ ማለት ነበር፤ እኛ ጋ ጥይት የሚሰካበት ሆኖ ቀረ። ዝናርን ከካዝና ማደባለቅ አይገባም። ካዝና መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ጥይት የሚመግበው ክፍል ነው፤ የተለመደው የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ ቆዳ እሰፋለሁ። ለሥጋ ቤቶች የምሠራው የቢላዋ ሰገባ ወር ሳይሞላው ስፌቱ ይበጠሳል። ክሩን ወደ ናይለን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። ቢላዋው በገባና በወጣ ቁጥር ስለቱ የሚንሸራተተው በቀጥታ ክሩ ላይ ነው፤ ብረት ካልሆነ በቀር የማይቆረጥ ክር የለም። መፍትሔው በሁለቱ ቆዳዎች መሐል፣ በስለቱ በኩል፣ አንድ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ማስገባት ነው። ስለቱ ያንን ይነካል እንጂ ክሩ ጋ አይደርስም።

ለምሳሌ ስለቱ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቢላዋ እንውሰድ። ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ይምረጡ። ቁመቱን 16 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱን 9 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡና በቢላዋው ጀርባ በኩል እንዲታጠፍ ለሁለት ያጥፉት። ይህ ለስፌቱ በየጎኑ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተውልዎታል። የመሐሉ ቁራጭ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ጫፉ ላይ የቢላዋውን ቅርጽ ተከትሎ ይዙር። ብዙ ሰው ቁራጩን ጎኑ ላይ ብቻ ያስገባና ጫፉን ይረሳዋል፤ ሰገባው ቀድሞ የሚቀደደውም እዚያው ነው።

ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀብተው፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቀው ይጫኑት። እርጥብ እንዳለ ከተጫነ ይንሸራተታል። ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ያስምሩና በየ5 ሚሊ ሜትሩ በወስፌ ይብሱ። ወስፌው ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ከተዛነፈ በጀርባ በኩል ስፌቱ ወደ ስለቱ ይጠጋል። በማሽን አይስፉት። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ አድርገው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱን አሻግረው ይስፉ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የማሽን ስፌት ግን አንድ ቦታ ከተለቀቀ ይተረተራል። ክሩ የስፌቱን ርዝመት 6 እጥፍ ያህል ይሁን፣ ሰምም ይቀባ። መጨረሻው ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ መልሰው ይጨርሱት።

ቅርጹን ለማስያዝ ሰገባውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይንከሩት። ቢላዋውን ዘይት ቀብተው በፌስታል ይጠቅልሉና ያስገቡት፤ ቆዳውን በጣት ይጫኑት። ከዚያ ቢላዋውን አውጥተው ሰገባውን በጥላ ሥር አንድ ሙሉ ቀን ያድርቁት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ይህ የሚሠራው በዕፅ ቅርፊት በለፋ ቆዳ ነው። ለጃኬትና ለጫማ ፊት የሚውለው በክሮም የለፋው ቆዳ ቅርጽ አይዝም። ቆርጠው መሐሉን ቢያዩት ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ግራጫ ሆኖ ያገኙታል። ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይተው፤ ውኃ ከገባ የሚወጣበት ነው። ሲጨርሱ ቢላዋውን አስገብተው ገልብጠው ያነቅንቁት። ከወደቀ ሰገባው ሰፊ ነው፤ ለደንበኛ አይሰጥም።

በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ለሚያወጡ ግን የቆዳ ሰገባ ባይሠሩ እንመርጣለን። ቆዳ የዓሣውን እርጥበት ይጠጣል፣ ይሸታል፣ ቢላዋውንም ያዝጋል። ለእነሱ ታጥቦ የሚደርቅ የፕላስቲክ ልባስ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ የአያቴ ጎራዴ ከነሰገባው ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ አሁን አልወጣ አለኝ። በኃይል ልሳበው? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አይሳቡት። በተለይ ሰገባውን በሙሉ እጅ ጨብጠው አይሳቡ፤ ያረጀ ስፌት ሲለቅ ስለቱ በስፌቱ በኩል ወጥቶ መዳፍ ይቆርጣል። የያዘው ዝገት ነው። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ በውስጡም የማልፊያ ንጥረ ነገር አለ፤ ብረት ለዓመታት ሲተኛበት ይዝጋል። ናስ ካለው አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል። የሐይቅ ዳር አየር ደግሞ ያግዘዋል።

የስፌት መኪና ዘይት ሦስት አራት ጠብታ በአፉ በኩል ብረቱ ላይ ብቻ ያንጠባጥቡና አንድ ቀን ይተዉት። ብዙ ከፈሰሰ ቆዳውን ያጠቁረዋል። ከዚያ ሰገባውን በአፉ አጠገብ፣ በስለቱ ሳይሆን በጀርባው በኩል ይያዙና እጀታውን የጎራዴውን ጉብጠት ተከትለው በዝግታ ይሳቡ። ቀጥ አድርጎ መሳብ ሰገባውን ይቀደዋል። እምቢ ካለ ዘይቱን ይድገሙት። ሲወጣ በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፤ ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለው አብሮ ይጠፋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ስስ ዘይት ይቀቡት። ከእንግዲህ ጎራዴውን በአቡጀዲ ጠቅልለው ከሰገባው ውጭ ያኑሩት፤ ሰገባው ውስጥ ተጠቅልሎ የገባ አቡጀዲ ቅርጹን ይጠብቅለታል።

ጥያቄ፦ ሰባኪ ስለ ልጆች ሲያስተምር «ኮሮጆውን በእነርሱ የሞላ» አለ። በእኔ ዳዊት ግን «ምኞቱን የሚፈጽም» ይላል። የቱ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። ቦታው መዝሙር 127፥5 ነው፤ በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 126 ነው። ዕብራይስጡ የፍላጻ ማኖሪያ ይላል፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር ልጆችን በኃያል እጅ እንዳለ ፍላጻ ስለሚያመሳስል ይስማማል። የጥንት የግሪክ ተርጓሚዎች ቃሉን «ምኞት» ብለው ተረጎሙት፤ ግዕዙም ግሪኩን ተከተለ። ሰባኪው ከዕብራይስጡ የተተረጎመ ይዞ ይሆናል። ለፍላጻ ማኖሪያ «ኮሮጆ» ማለትም ያስኬዳል፤ ፍላጻ እንደ ሰይፍ ተጨምቆ ስለማይገባ፣ በርከት ብሎ የሚቀመጥበት ከረጢት ያስፈልገዋልና። ዛሬ ቃሉን አብዝተን የምንሰማው በምርጫ ቀን፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ለሚገባበት ነው።